ዋጋውን ማን ያውቃል? የመንገደኛውና የገበሬዋ ክርክር በደብረ ታቦር ገበያ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው ደብረ ታቦር ሲደርስ በቅድሚያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ታች በፎገራ ሜዳ ሩዝና ቀይ ሽንኩርት ሲያይ የቆየ ዓይኑ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንደተጓዘ ገብስና ድንች ያያል፤ ከወዲያ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር የሚልቀው የጉና ተራራ ይታያል። ወደ ጋይንትና ወደ ወልዲያ የሚያልፈው፣ ከባሕር ዳር ዘመድ ሊጠይቅ የመጣው፣ ጋፋትን ለማየት የወጣው ሁሉ መኪናው ቆም ባለ ጊዜ እግሩ ወደ ገበያው ይመራዋል። የደጋ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ከተቻለም በግ ይዞ መመለስ የቆየ ልማድ ነው።

ቀኑ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። አህያው ከነጭነቱ ይጋፋል፤ ባጃጁ ጡሩንባ ይነፋል፤ ተሸካሚው ወጣት «ዞር በሉ» እያለ ያልፋል። እህል ተራው፣ በርበሬ ተራው፣ ቅቤ ተራው፣ በግ ተራው የየራሱ ጠረንና የየራሱ ጩኸት አለው። ድንችና ጎመን የያዙ ሴቶች ግን ብዙውን ጊዜ ከመንገዱ ዳር ማዳበሪያ አንጥፈው፣ ጉልት ዘርግተው ይቀመጣሉ። መንገደኛው በመጀመሪያ የሚያገኘውም እነርሱን ነው።

ክርክሩን የማያውቅ የለም። መንገደኛው ቆም ይልና «እናቴ፣ ድንቹ በጣሳ ስንት ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። ዋጋው ይነገረዋል። «ኧረ በጣም አበዙት» ይልና የተጠራለትን ገደማ በግማሽ ያወርደዋል። ሴትየዋ «አያዋጣኝም ልጄ» ይላሉ፤ ጥቂት ይቀንሳሉ። እርሱ ጥቂት ይጨምራል። አልስማማ ሲሉ ፊቱን ያዞርና ሦስት እርምጃ ይራመዳል። «ና እሺ፣ ውሰደው እንግዲህ» የሚለው ድምፅ ከኋላው ይሰማል። ይሰፈርለታል፤ በላዩም ሁለት ሦስት ፍሬ ለምርቃት ይጣልለታል። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እርሱ ወደ መኪናው ሲመለስ ተሸወድኩ ይሆን እያለ ነው፤ እርሳቸውም ብሩን በመቀነታቸው ጫፍ ሲቋጥሩ በርካሽ ሰጠሁ ይሆን እያሉ ነው።

ሁለቱም ሻጭና ገዥ በአንድ ግብይት ተጎዳሁ ብለው ሊጠረጥሩ የሚችሉበት ገበያ ሊመረመር ይገባዋል። ብዙ ሰው ጉዳዩን ከብልጠት ጋር ያያይዘዋል፤ ክርክር የሚችል ያተርፋል፣ የማይችል ይከስራል ይላል። ይህ ግን የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። በክርክር ውስጥ ኃይል የሚሰጡት ነገሮች ሁለት ናቸው፦ የዕለቱን ዋጋ ማወቅና ሳይስማሙ ትቶ መሄድ መቻል። መንገደኛው ትቶ መሄድ ይችላል፤ ዋጋውን ግን አያውቅም። ገበሬዋ ዋጋውን ከእርሱ ይልቅ ያውቃሉ፤ ትተው መሄድ ግን አይችሉም፤ ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣ ድንች ተመልሶ ሽቅብ አይጫንም። ሁለቱንም በእጁ የያዘው በክርክሩ ላይ የማይታየው ሦስተኛው ሰው ነው፤ ማለዳ ከገበያው መግቢያ ቆሞ በጅምላ የሚሰበስበው ነጋዴና ከአጠገቡ የሚዞረው ደላላ።

የማወቁን ጉዳይ እናስቀድም። አሜሪካዊው የባህል አጥኚ ክሊፈርድ ጊርትዝ በሞሮኮ ሰፍሩ በተባለች ከተማ ገበያውን ለዓመታት ካጠና በኋላ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ከሸቀጡ ይልቅ እጥረት ያለበት መረጃ መሆኑን አስረድቷል። ዋጋው አይታወቅም፣ ጥራቱ አይታወቅም፣ በሌላው ጥግ ምን እንዳለ አይታወቅም። ስለዚህ ክርክሩ ጠብ ወይም ጨዋታ አይደለም፤ መረጃ መፈለጊያ መንገድ ነው። ሰው ዋጋ እየጠራና እያስቀነሰ የሚያደርገው፣ ሌላው ምን ያህል እንደሚያውቅ መመርመር ነው። ጊርትዝ ሌላም ነገር አስተውሏል፤ ሰዎች በየጊዜው አዲስ ሻጭ ከመፈለግ ይልቅ ከአንድ ሰው ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። እኛ ለዚህ ቃል መፈለግ አያስፈልገንም፤ ደንበኛ እንላለን።

የደብረ ታቦር ነዋሪ እናቶች በዚህ ረገድ የተካኑ ናቸው። የቅቤ ደንበኛ አላቸው፣ የበርበሬ ደንበኛ አላቸው፤ ያቺ ደንበኛ የደረቀውን ከእርጥቡ ቀላቅላ ብትሸጥላቸው በሚቀጥለው ሳምንት እንደማይመጡ ታውቃለች። ምርቃቱም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ምርቃት የዋጋ ቅናሽ አይደለም፤ ዋጋውን ሳይነካ ዝምድናውን የሚያድስ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያልፍ መንገደኛ ግን ደንበኛ የሚባል ነገር የለውም። ዛሬ ቢሸወድ ነገ ተመልሶ የሚጠይቅ ስላልሆነ፣ ዋጋው የሚጠራለት በልብሱ፣ በአነጋገሩና በመኪናው ሰሌዳ ነው። የአዲስ አበባ ሰሌዳ ካለው አንድ ዋጋ፣ ካሜራ ካንጠለጠለ ሌላ ዋጋ። ይህን የሚያደርጉ ሻጮች ሌቦች አይደሉም፤ ከጊዜው ጥቂት ሰዓት ብቻ የምታገኘውን ሰው በሚመስለው መመዘን በመርካቶም፣ በካይሮም፣ በኢስታንቡልም ያለ ነው። ጉዳቱ ግን አለ። የተሸወደ መንገደኛ ለሚቀጥለው መንገደኛ ይነግራል።

ስለ ጋፋት ካነሣን አይቀር፣ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ አስገራሚ አጋጣሚ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ካሰባሰቧቸው የውጭ አገር ባለሙያዎች መካከል ስዊዘርላንዳዊው ቴዎፍሎስ ቫልድማየር አንዱ ነበር፤ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ ከተሠራበት ቦታ ከጓደኞቹ ጋር ለዓመታት ኖሯል። ከመቅደላ በኋላ ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ በብሩማና ትምህርት ቤት የመሠረተው ይህ ሰው፣ በዚያ ሳለ ኩዌከር የሚባለውን የክርስትና ማኅበር ተቀላቀለ። ኩዌከሮች ደግሞ በታሪክ ከሚታወቁባቸው ነገሮች አንዱ በገበያ አንከራከርም ማለታቸው ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የነበሩ የማኅበሩ ነጋዴዎች፣ መጀመሪያ አብዝቶ ጠርቶ ኋላ መቀነስ ውሸት ነው፣ ንግግራችሁ እውነት ይሁን የሚለውን የወንጌል ትእዛዝ ይጥሳል ብለው ለሁሉም ሰው አንድ ዋጋ መጥራት ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው በመጀመሪያ ሳቁባቸው። ኋላ ግን ሰዎች ሕፃን ልጅ ቢልኩ እንኳ እንደማይሸወድ ስላወቁ ወደ እነርሱ ሱቅ መጉረፍ ያዙ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው የተለጠፈ ቁርጥ ዋጋ ከሩቅ ዘመዶቹ አንዱ ይህ ነው። ቫልድማየር በጋፋት ሳለ በአሞሌና በማርያ ቴሬዛ ብር በደብረ ታቦር ገበያ ስንት ጊዜ ተከራክሮ ይሆን ብሎ ማሰብ ያስቃል።

ታዲያ ቁርጥ ዋጋ በጉልት ላይ ይሠራል ማለት ነው? አይመስለኝም። ሳሙና ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ድንች ግን አይደለም። ማለዳ የተቆፈረና ትናንት የተቆፈረ፣ በጥላ የቆየና ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የጀመረ፣ ትልቁና ጥቃቅኑ በአንድ ቁልል ላይ አለ። ክርክሩ ይህን ሁሉ ለመለየት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ሊወገድ የሚገባው ክርክሩ ሳይሆን በክርክሩ ውስጥ ያለው ጨለማ ነው።

ጨለማው ደግሞ ከዋጋው ይልቅ በመስፈሪያው ላይ ይበረታል። ሸማቹ ስለ ብሩ ሲከራከር ጣሳውን አያይም። ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ጣሳ አለ፤ ከአፉ የተቆረጠ አለ፤ ቆልሎ የሚሰፍር እጅ አለ፤ አስተካክሎ የሚጠርግ እጅ አለ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ 100 ብር የተጠራን መስፈሪያ በክርክር ወደ 90 ያወረደ ሰው፣ መስፈሪያው አንድ አሥረኛ ጎደሎ ከሆነ አንዲት ሳንቲም አላስቀነሰም።

ይኸው ነገር በጅምላ ሲሆን ገበሬውን ይመታል። ኩንታል ማለት መቶ ኪሎ ነው፤ የገበያው ጆንያ ግን መቶ ኪሎ አያውቅም። ድንቹ እየተነቀነቀ ይሞላል፣ አፉ ሳይዘጋ ከላይ ይቆለላል፣ ከዚያም በገመድ እየተጠለፈ ይሰፋል። ዋጋው የሚነገረው ግን በኩንታል ነው። ለአብነት ያህል በኩንታል 2 ሺህ ብር ተስማምቶ 115 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ ያስረከበ ገበሬ፣ ኪሎውን በ20 ብር ሸጥኩ ቢልም በእርግጥ የሸጠው ከ17 ብር ከ40 ሳንቲም በማይበልጥ ዋጋ ነው። ቀሪውን 15 ኪሎ በነፃ ሰጥቷል። ሚዛን ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ክርክር አያስፈልገውም ነበር። ሚዛን የለም ማለት ግን አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሚዛኑ የገዥው ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ትቶ መሄድ ወደ መቻል እንምጣ። የድንች ተፈጥሮ ለገበሬው አይራራም። ከክብደቱ አምስት እጅ አራቱ ያህል ውኃ ነው። ጤፍና ገብስ በጎታ ውስጥ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃሉ፤ ድንች ግን በሙቀት ይጨማደዳል፣ በብርሃን ይለመልማል፣ በእርጥበት ይበሰብሳል። የደብረ ታቦር ዙሪያ ገበሬዎች ከቀደምት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ሳይቆፍሩ ከመሬት ውስጥ ማቆየት ነው። ዘዴው ብልህነት ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው፤ ተባይ ይገባበታል፣ መሬቱም ለሚቀጥለው ዘር ይፈለጋል። ለዘር የሚሆነውን ድንች ብርሃን በስሱ በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ማቆየት በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀና በርካሽ እንጨት የሚሠራ ነው። ለምግብ የሚሆነው ግን ጨለማ፣ ቅዝቃዜና አየር ይፈልጋል፤ በዚህ ረገድ የደጋው ብርድ ራሱ ሀብት ነበር፤ ቤት ብቻ ነው የጎደለው። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች ምርቱን ከፍ ባደረጉ መጠን ችግሩ ከማሳ ወደ ገበያ ተዛወረ። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲቆፍር ሁሉም በአንድ ቀን ይሸጣል።

በዚህ ምክንያት የገበያው ዋጋ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት መልክ አለው። ማለዳ የሚጠራው ዋጋና ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ የሚጠራው ዋጋ አይገናኙም። አሥር ሰዓት ሲል ደመናው ከጉና በኩል ሲመጣ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ሴቶች ዓይናቸው መንገዱ ላይ ይሆናል፤ ቤት መድረስ አለባቸው። ይህን የሚያውቅ የከተማ ነዋሪ ሆን ብሎ አርፍዶ ይወጣል። መንገደኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው እኩለ ቀን ላይ፣ ዋጋው ገና ሳይሰበር ነው።

መንገዱ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በቀጠለው የጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ፣ ገዥና ሻጭ ሳይገናኙ ይውላሉ። መኪና ያልመጣለት የደጋ ድንች በማሳ ዳር ይረክሳል፤ በዚያው ሳምንት በከተማ ይወደዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚገባው መንገዱ ሲከፈት ቀድሞ ለሚደርስ ነው። በዚህ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዘይቱ፣ የማዳበሪያውና የትራንስፖርቱ ዋጋ በየጊዜው ሲለዋወጥ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት በእጁ የነበረው የዋጋ ዕውቀት ዛሬ አይጠቅመውም። ዋጋ በተረጋጋ ዘመን ሽማግሌ የሚያውቀውን፣ ዋጋ በሚዘልበት ዘመን የሚያውቀው ዛሬ ጠዋት ስልክ የደወለው ብቻ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማች ከሰጣቸው መብቶች አንዱ፣ ዕቃውን ስለተመለከተ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ ነው። «ካላሰብክ ለምን ነካኸው» ተብሎ የተቆጡት መንገደኛ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ ሸማች በአክብሮት የመስተናገድ መብትም በዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። ነጋዴም የሚሸጠውን ዕቃ ዋጋ እንዲያሳይ ይገደዳል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን አዋጁ የሚጠብቀው የሚገዛውን ነው። የራሷን ማሳ ድንች የምታወጣ ገበሬ በዚያች ሰዓት ሸማች አይደለችም፤ ከሰብሳቢው ነጋዴ ፊት ስትቆም የሚጠብቃት ራሷ የምታውቀው ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው ይላል፦ ዋጋውን ለገበሬው ንገሩት። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሕንድ ኬረላ ግዛት ዓሣ አጥማጆች ታሪክ ነው። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. እንዳሳተመው፣ ሞባይል ስልክ ወደ ባሕር ዳርቻዎቹ ከመግባቱ በፊት በአንድ ወደብ ገዥ ያጣ ዓሣ ወደ ባሕር ሲደፋ፣ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ገዥዎች ዓሣ አጥተው ይመለሱ ነበር። ስልኩ ከገባ በኋላ አጥማጆቹ ከባሕር ላይ ሆነው እየደወሉ ወደ ተሻለው ወደብ መቅዘፍ ጀመሩ። የሚደፋው ዓሣ ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ 8 በመቶ ያህል አደገ፤ የሚያስገርመው ደግሞ የሸማቹ ዋጋ 4 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሻጭም ገዥም በአንድ ጊዜ ተጠቀሙ።

ለእኛ ግን ከዓሣው ይልቅ የድንቹ ታሪክ ይቀርበናል። በዚያችው ሕንድ፣ በምዕራብ ቤንጋል ግዛት፣ ተመራማሪዎች ለድንች ገበሬዎች የጅምላ ገበያውን የዕለት ዋጋ በሞባይል ስልክና በመንደር ማስታወቂያ ሰሌዳ እየነገሩ ውጤቱን ተከታተሉ። ገበሬዎቹ ያገኙት አማካይ ዋጋ አልተለወጠም። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ዋጋውን ቢያውቁም ድንቻቸውን ለመንደሩ ነጋዴ ከመሸጥ ሌላ ወደ ጅምላ ገበያው በቀጥታ የሚያደርሱበት መንገድ አልነበራቸውም። አጥማጁ ጀልባውን ማዞር ይችላል፤ ገበሬው ግን ድንቹን ይዞ የትም አይዞርም። ማወቅ ያለ መሄድ መቻል ባዶ እጅ ነው።

የእኛ ገበሬዎች በሁለቱ መካከል ናቸው። ከማሳ ዳር ለሰብሳቢ የሚሸጥ አለ፤ በአህያ ጭኖ ራሱ ገበያ የሚወጣም ብዙ ነው። ስለዚህ ለደብረ ታቦር ገበያ የሚያስፈልገው ነገር ከባድ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ግን አንዱ ካለ ሌላው አይሠራም። በገበያው መግቢያ ሁሉም የሚያየው፣ ገለልተኛ የሆነ አንድ ሚዛን ይቁም፤ ጆንያውን በነፃ ወይም በጥቂት ሳንቲም መዝኖ ወረቀት የሚሰጥ። ከጎኑ ትናንት በዚህ ገበያና በወረታ፣ በባሕር ዳር የዋለው ዝቅተኛውና ከፍተኛው ዋጋ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉትም በድምፅ ማጉያ ይነገር። በዚህ ረገድ እኛ ጋዜጠኞችም አንወቀስም ማለት አይቻልም፤ የቡናን የዓለም ዋጋ ስንዘግብ የደብረ ታቦርን ድንች የምንዘግበው በዓል ሲደርስ ብቻ ነው። የግብርና ምክር ለማግኘት ወደ 8028 የሚደውለው ገበሬ በሽታን በስልክ ማወቅ ከቻለ፣ የጎረቤት ገበያ ዋጋን በሬዲዮ የማያውቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከሚዛኑና ከሰሌዳው በኋላ የሚመጣው መጠለያው ነው። በገበያው አጠገብ ጨለማና አየር ያለው፣ ያልተሸጠ ድንች እስከሚቀጥለው ገበያ በትንሽ ክፍያ የሚያድርበት ቤት። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዚህ ተፈጥሯዊ ባለቤቶች ናቸው። ይህ ቤት በውስጡ ምንም ባይገባበት እንኳ ይጠቅማል፤ ገበሬዋ «አሳድረዋለሁ» ማለት መቻሏ ብቻውን የአሥር ሰዓቱን ዋጋ ያነሣዋል። በየከተማው የተለመደው የእሑድ ገበያ አምራችን ከሸማች ለማገናኘት ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን የሚያገለግለው ደጋግሞ ለሚመላለስ የከተማ ነዋሪ እንጂ በማክሰኞ ለሚያልፍ መንገደኛና በዚያው ቀን ልጇ ታሞባት ድንች ለምታወጣ ሴት አይደለም።

ሰሌዳ ሲባል የሚሰጉ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ እየጣለ፣ ከገበያ በታች በሆነ ቁርጥ ዋጋ እህል ይገዛ ነበር። ኮታ ለመሙላት ሲል ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበ ገበሬ ታሪክ በሽማግሌዎቻችን ዘንድ ዛሬም ይነገራል። ሥርዓቱ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. በተደረገው የኢኮኖሚ ፖሊሲ ለውጥ ነው። ያንን የሚያስታውስ ሰው በሰሌዳ ላይ ዋጋ ሲጻፍ ነገ ደግሞ ከዚህ በላይ አትሽጥ ይባላል ብሎ ቢፈራ አይፈረድበትም። ስለሆነም በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የትናንቱ ወሬ መሆን አለበት፤ የነገው ትእዛዝ አይደለም። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ሁለቱም መጻፋቸው ለዚህ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሜዳ ለክርክሩ ይቀራል። የንግድና ገበያ ልማት ባለሙያዎች ሰሌዳውን እየያዙ በጉልት የተቀመጡትን ሴቶች መቅጣት ከጀመሩ፣ ሴቶቹ ከሰሌዳው ርቀው ሌላ መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ ገበያውም ወደ ቀድሞ ጨለማው ይመለሳል።

ደላላውን በተመለከተ ጥቂት ቃል ይበቃል። በየስብሰባው ላይ የችግሩ ሁሉ ምክንያት እርሱ ተደርጎ ይነሣል፤ ማባረሩም እንደ መፍትሔ ይቀርባል። እርሱ ግን ሥራው ማወቅ ነው፤ የባሕር ዳሩን ዋጋ በስልክ ያውቃል፣ የትኛው የጭነት መኪና ባዶውን እንደሚመለስ ያውቃል። ሌሎች ስላላወቁ ነው ዕውቀቱ የተወደደው። ሰሌዳው ቢቆም ደላላው አይጠፋም፤ ድርሻው ይቀንሳል፤ መኪና ማገናኘቱ ይቀራል፣ ለእርሱም ይከፈለዋል።

መንገደኛስ? እስከዚያው ድረስ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ከመጀመሪያዋ ሻጭ አለመግዛት፤ ሦስት ቦታ ጠይቆ መካከለኛውን መያዝ። ከብሩ በፊት መስፈሪያውን ማየት። ማር ከሆነ በኪሎ፣ ቅቤ ከሆነ በእጅ ቀምሶና አሽትቶ መግዛት። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ቴሌብር መክፈል ለዝርዝር መጨቃጨቅን ያስቀራል፤ ነገር ግን አንዳንድ እናቶች መልእክቱን የሚያነብላቸው ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃሉና መታገሥ ነው። ክርክሩንም ማወቅ ያለበት እስከ የት እንደሆነ ነው። በአንድ ጣሳ ድንች ላይ አምስት ብር ማስቀነስ ለእርሱ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ለሴትየዋ ግን ያቺ አምስት ብር የቀኑ ትርፍ ልትሆን ትችላለች። አንዳንድ ሰው በሆቴል የተጻፈለትን ሂሳብ ሳያነብ ከፍሎ ወጥቶ፣ ከሆቴሉ በር ላይ ካለችው ጎመን ሻጭ ጋር ግማሽ ሰዓት ይከራከራል። ለምን ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ የሆቴሉ ዋጋ ተጽፏልና አይከራከሩትም ከማለት በቀር መልስ አላገኘሁለትም።

ወደ መንገዱ ዳር እንመለስ። መኪናው ሄዷል። ሴትየዋ የቀረውን ድንች ከማዳበሪያው ጥግ ሰብስበው ቆጥረውታል፤ ለመመለስ ይበዛል፣ ለመጣል ያሳዝናል። ለጎረቤታቸው አደራ ይሰጡና ከመቀነታቸው ብሩን ፈትተው ወደ ሱቅ ይሻገራሉ። ዘይቱ፣ ጨውና ሳሙናው በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ በአንዳንዱ ላይ ዋጋ ተለጥፎበታል። ባለሱቁ ወጣት ነው። እርሳቸውም ከደጁ ቆመው፣ ጠዋት ሲባሉ የዋሉትን በተራቸው ይጠይቃሉ፦ «ልጄ፣ ይሄ ዘይት ስንት ይላል?»